ነፋስ የሚበላ ማዕዘን

ልቤ ከደረቴ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ የጨፈረው በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንደኛው የሠርጌ ቀን ነው። ይህን የምጽፈው ባለቤቴ ከጀርባዬ ቆማ ስለምታነብ አይደለም። ሁለተኛው ደሴ ፒያሳ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ኮምፒውተር ላይ የነበረ ቀይ ቁጥር አረንጓዴ ሲሆን ያየሁበት ከሰዓት ነው። የትኛው እንደሚበልጥ አትጠይቁኝ፤ ሴትዮዋ ገና አልሄደችም።

ዘመኑ የግምገማ ዘመን ነበር። ሠራተኛው ይገመገማል፣ ኃላፊው ይገመገማል፣ የሻይ ክበቡ ስኳር እንኳ ሒሱን ውጦ ይቀመጣል። እኔ ያኔ ሠላሳዎቹን የጀመርኩ፣ ጸጉሬ ገና ያልከዳኝ መሐንዲስ ነበርኩ። ቢሮዬ የደሴ ጉም ሳያንኳኳ ገብቶ ወንበር ስቦ የሚቀመጥባት ቢሮ ነበረች። ኮምፒውተሬ ሆዱ ወደ ኋላ የተንዘረጠጠ፣ ከጀርባው ሞቅ ያለ አየር የሚተነፍስ ግዙፍ ፍጡር ነው። ክረምት ሲሆን የጎረቤት ሱቅ ነጋዴዎች «አንዴ ጣታችንን እናሙቅ» እያሉ ወደ ላይ ይወጡ ነበር። ያንን ኮምፒውተር ከእኔ ይልቅ እነሱ ተጠቅመውበታል።

በዚህ ኮምፒውተር ላይ ነው አዲስ አበባ ያለ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ በሲዲ ገልብጦ የላከልኝን ሶፍትዌር የጫንኩት። ሥራው እንዲህ ነው። ከአንድ ትልቅ ማራገቢያ ተነስቶ በላሜራ ቱቦ ውስጥ የሚሄድ አየር አለ እንበል። ቱቦው ቀጥ ካለ አየሩ ብዙም አይቸገርም። ቱቦው ሲታጠፍ፣ ሲጠብ፣ ለሁለት ሲከፈል ግን በእያንዳንዷ ቦታ ከጉልበቱ ይቀነስበታል። ሶፍትዌሩ የእያንዳንዱን መታጠፊያና መገንጠያ ሥዕል ይደረድርልሃል፤ አንተ ትመርጣለህ፣ ስፋቱን ትሞላለህ፣ እሱ ምን ያህል ግፊት እንደጠፋ ይነግርሃል። መጨረሻ ላይ ደምሮ ማራገቢያው ከሚችለው ጋር ያስተያያል። ከቻለ አረንጓዴ፣ ካልቻለ ቀይ። በእጅ ብንሠራው አንድ ሳምንት የሚፈጅብንን ይህ ጉድ አፍንጫ ተናፍጦ ሳይጨረስ ይጨርሰዋል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን የቢሮዬን፣ የቤቴን፣ የጎረቤቴን የምድጃ ጭስ መውጫ ሁሉ አስልቼ ነው የተኛሁት። የጎረቤቴ ቀይ ነበር። ነገርኳት፤ እስከ ፋሲካ አኮረፈችኝ።

ለጨዋታ ያልሆነው ሥራ የመጣው ከኮምቦልቻ ነው።

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነበር። ታላቅ እህቴ እዚያ የካውያ ክፍል ውስጥ ትሠራ ነበር። እታለም እላታለሁ፤ እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ነች፤ ጢሜ ከበቀለም በኋላ «ማሙሽ» ማለቱን አልተወችም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብዙ ዓመት በዘመድ ቤት ስትጠጋ ኖራ፣ ያንን ሥራ ስታገኝ ራሷን ቀና አድርጋ መሄድ ጀመረች። እጇ ደግሞ ሌላ ነው። እሷ የተኮሰችውን ሸሚዝ የለበሰ ሰው ያለ ምክንያት ስብሰባ ይመራል። ስለዚህም የመጨረሻዋን ጠረጴዛ ሰጧት፤ ከሁሉ እጅ ያለፈው ልብስ እሷ ጋ ደርሶ፣ እሷ አይታና ዳግም ተኩሳ ነው ወደ ካርቶን የሚገባው።

የካውያ ክፍሉ ግን መስኮቱ ጥቂት፣ እንፋሎቱ ብዙ ነበር። የኮምቦልቻ ፀሐይ ከላይ፣ ካውያው ከታች። አንዷ ሠራተኛ ከቤቷ ጥሬ እንቁላል ይዛ መጥታ እስከ ምሳ ሰዓት ተቀቅሎ በላችው ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ፤ እንቁላሉን አላየሁትም፣ ሙቀቱን ግን አይቻለሁ። የመጨረሻው ጠረጴዛ ያለው ከበሩ በጣም የራቀው ጥግ ላይ ነው። አንድ ቀን እታለም ካውያውን እንደያዘች ራሷን ስታ ወደቀች።

ፋብሪካው ማራገቢያ ገዝቶ ነበር። ከውጭ አየር ስቦ በቱቦ ወደ እያንዳንዱ ጠረጴዛ የሚነፋ ነው። ማራገቢያው መጥቶ በሩ አጠገብ ተተክሏል፤ ሌላ ትልቅ እንግዛ ቢባል የውጭ ምንዛሪ ወረፋው ለልጅ ልጅ ይተርፍ ነበር። የቀረው ቱቦው ነው። ለቱቦው ሥዕልና ስሌት እኔን ጠሩኝ።

እታለም የሰማች ቀን ደሴ ድረስ መጣች። ቢሮዬ ገብታ ኮምፒውተሩን እንደ ሙሽራ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ይኼ ነው አየር የሚቆጥረው?»

«ይኼው ነው እታለም።»

«እኔ ጋ ይደርሳል አይደርስም ብሎ ይናገራል?»

«ይናገራል!»

«ማሙሽ፣ ቀልድህን ለሌላ ቀን አቆየውና ስማኝ። እንደገና ከወደቅሁ ፊቴ ካውያው ላይ ይሆናል። አየሩ እኔ ጠረጴዛ ካልደረሰ ሥራውን እለቃለሁ። ከለቀቅሁ ደግሞ ተመልሼ የሰው ቤት ጥግ ነው የምቀመጠው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አንተ ታውቀዋለህ።»

አውቀው ነበር። ቀልዴን አቆየሁት፤ እስከ ማታ።

ሥዕሉን ሠራሁ። ዋናው ቱቦ ከማራገቢያው ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ በምሰሶዎቹ መካከል ይጠማዘዛል፣ ጣሪያ ስር ሄዶ በየጠረጴዛው ላይ አንድ አንድ አፍ ያወርዳል። መታጠፊያዎቹን ሁሉ ክብ አድርጌ ሣልኳቸው፤ ወገቧን ይዛ እንደምትዞር እስክስታ ወራጅ ለስለስ ያሉ። ሶፍትዌሩ ውስጥም የክቡን መታጠፊያ ሥዕል መረጥኩ። አስላ አልኩት። አረንጓዴ! የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ እንኳ አረንጓዴ! ወደ ታች ሮጬ የጨርቅ ነጋዴውን ሳምኩት። ሰውየው እስከ ዛሬ ምክንያቱን አያውቅም።

ሥዕሉን ለሐጂ ሰጠሁ።

ሐጂ ደሴ ውስጥ የላሜራ ሥራ ቤት ነበራቸው። አያታቸው ከየመን ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው ይባላል። ከእጃቸው ያልወጣ ነገር የለም፤ የእህል ጎተራ፣ የዳቦ መጋገሪያ፣ የሙሽራ ሳጥን፣ የመስጊድ ጫፍ ላይ የሚቆመው ጎባጣ ጨረቃ፣ ሂላሉ። በእሳቸው ቤት አንድ ሥርዓት ነበር። ያለቀ ዕቃ ከመውጣቱ በፊት በሩ ላይ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ሐጂ የማዕዘን መለኪያቸውን፣ ስኳድራቸውን፣ ጥጉ ላይ አስደግፈው ጎንበስ ብለው ያያሉ። በስኳድራውና በላሜራው መካከል ብርሃን ካለፈ፣ ያንን ዕቃ በመንገደኛ ሁሉ ፊት በመዶሻ ይጨፈልቁታል። ብርሃን ካላለፈ «ማሻአላህ» ይላሉ። ደሴ ውስጥ ለላሜራ ሠራተኛ ከዚያ በላይ ዲግሪ አልነበረም።

ሥራው አለቀ ብለው ሲልኩብኝ እየዘለልኩ ሄድኩ።

«አሰላሙ አለይኩም ሐጂ።»

«ወአለይኩም ሰላም! መጣህ? ና፣ ዓይንህን አብላው!»

ዓይኔን አበላሁት። ቱቦዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ተደርድረዋል። ያበራሉ። መታጠፊያዎቹም አሉ፤ ሁሉም፣ አንድም ሳይቀር፣ እንደ ሳጥን ጥግ የሾሉ፣ ቀጥ ብለው ሄደው ቀጥ ብለው የተሰበሩ ማዕዘኖች።

«ሐጂ... ሥዕሉ ላይ እኮ ክብ ነበር።»

«አይቼዋለሁ። አብሽር፣ ለማንም አልነገርኩብህም።»

«ምኑን?»

«እጅህ መንቀጥቀጡን ነዋ! እዚህም ተጣሟል፣ እዚያም ተጣሟል። ልጁ ብርድ ላይ ሲሥል ውሎ ነው ብዬ ሁሉንም አቃናሁልህ። ምርቃት ነው፤ እንዳታመሰግነኝ።»

ሠራተኞቻቸው በኩራት ያዩኛል። ምን ልበል? ሰውየው ክብሬን ሸፍነውልኛል!

«ሐጂ፣ ሆን ብዬ ነው ያጠማዘዝኩት። አየሩ እንዲህ ያለ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ይጋጫል።»

«ይጋጭ! የኔ ላሜራ በነፋስ አይቀደድም።»

«ላሜራው አይቀደድም፤ አየሩ ነው የሚደክመው።»

መዶሻቸውን አስቀመጡ። ወደ ሠራተኞቹ ዞሩ። «ያ ጀመዓ፣ ነፋስ ሲደክም ያየ አለ? ወላሂ እኔ ስድሳ ዓመት ደሴ ስኖር ነፋስ አረፍ ሲል አላየሁም!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁ ጥሩ ነበር፣ ይቅርታ ይደረግልኝ። ከዚያ ግን እንዲህ አልኳቸው፦

«የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ ወርደው አያውቁም? ከዚህ እስከ ኮምቦልቻ መንገዱ ቀጥ ያለ ቢሆን ሰው እየዘፈነ ይደርስ ነበር። በየመታጠፊያው ግን ይላተማል፤ አንዱ መስኮቱን ይመታል፣ አንዷ ፌስታል ትለምናለች። ታች ሲደርስ ግማሹ ሰው ለሥራ አይሆንም። አየሩም እንደዚያው ነው። ለስለስ ባለው መታጠፊያ ብዙም ሳይጎዳ ይዞራል። ሹሉ ላይ ግን ከግድግዳ ይላተማል፣ ይሽከረከራል፣ ያስመልሰዋል።»

«እኔ ከፊት ነው የምቀመጠው» አሉ ሐጂ። «አያመኝም።»

«እታለም ግን ከኋላ ነው የተቀመጠችው» አልኩ። ስለ እህቴ፣ ስለ መጨረሻው ጠረጴዛ፣ ስለ መውደቋ ነገርኳቸው።

ሐጂ ጺማቸውን ይዘው ቱቦዎቹን አዩ። «ላሜራው እኮ አልቋል» አሉ ቀስ ብለው። «ፋብሪካው የሰጠኝን ሁሉ ቆርጬዋለሁ። ሂድ፣ ያንን ሳጥንህን ጠይቀው። ምናልባት ይማረን።»

ወደ ፒያሳ ዳገቱን በሩጫ ወጣሁት፤ ደረጃውን የረገጥኩ አይመስለኝም። ኮምፒውተሩን ቀሰቀስኩት። እያንዳንዱን ክብ መታጠፊያ እያጠፋሁ የሹሉን ሥዕል ተካሁ። ሶፍትዌሩ ቁጥሩን ሲያወጣ ዓይኔን አሸሁ፤ አንድ ሹል ማዕዘን የሚበላው የክቡን ስድስት እጥፍ ያህል ነው! አንዱን ቀየርኩ፤ ቁጥሩ ወጣ። ሌላውን ቀየርኩ፤ ዘለለ። የመጨረሻውን ስነካ ስክሪኑ እንደ በርበሬ ቀላ። ማራገቢያው የሚችለው ግፊት የመጨረሻው ጠረጴዛ ሳይደርስ መንገድ ላይ ያልቃል። ማራገቢያው ሌት ተቀን ቢጮህ እታለም ጋ የሚደርሰው ጩኸቱ ብቻ ነው።

ያኔ መብራት ጠፋ። ሁሉንም ሳላስቀምጥ! መብራቱ ሲመለስ ከ«ሀ» ጀመርኩ።

እንግዲህ መጀመሪያ ላይ ያነሳሁት ከሰዓት እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። የመታጠፊያዎቹን ሥዕሎች ዝርዝር ወደ ታች ስጎትት ስጎትት፣ ከዚያ በፊት ደርሼበት የማላውቀው ቦታ ላይ አንድ ሥዕል አየሁ። ሹል ማዕዘን ነው፤ የሐጂ ማዕዘን ራሱ። ውስጡ ግን ከጥግ እስከ ጥግ ጎን ለጎን የተደረደሩ ጎበጥ ጎበጥ ያሉ ስስ ቅጠሎች አሉ። አየሩ ሲመጣ እያንዳንዱ ቅጠል ድርሻውን ይዞ ቀስ አድርጎ ያዞረዋል። ከውጭ ሳጥን፣ ከውስጥ ጥምዝ። መረጥኩት። የቅጠሎቹን ርቀት ሞላሁ። አንዱን ማዕዘን ቀየርኩ፤ ቁጥሩ ከፎቅ እንደወደቀ ቁና ቁልቁል ተንከባለለ! ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን... እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ሐጂ ያኔ ቢያዩኝ ልክ ነበሩ። የመጨረሻውን ስቀይር ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ። ጮህኩ። ጩኸቴ ጦሳ ተራራ ደርሶ ሲመለስ ሰማሁት። የጨርቅ ነጋዴው ከታች «ዛሬ እንዳትወርድ! እዚያው ሁን!» ብሎ በሩን ዘጋ።

ሥዕሉን አትሜ ተመልሼ ወደ ሐጂ በረርኩ። ወረቀቱን አቅርበው አራቁት፤ መነጽራቸውን አወጡ።

«እነዚህ ቅጠሎች...»

«አዎ?»

«ይኼማ ሂላል ነው!» ብለው ጭናቸውን መቱ። «አንተ ልጅ፣ መጀመሪያውኑ ሂላል ነው ብትለኝ ኖሮ! በእንቅልፌ የምሠራውን!»

እውነትም ነው፤ ሰውየው ግማሽ ወሎ ላይ ያሉ መስጊዶችን ጨረቃ የቆረጡ ናቸው። ከቁርጥራጩ ላሜራ ስሱን እየመረጡ ቅጠሎቹን ማጉበጥ ጀመሩ። አንድ ነገር ብቻ አስማሉኝ፤ ማዕዘኑ ከውጭ አይነካም። ከውስጥ የፈለግሁትን ላጣምም፣ ከውጭ ግን ስኳድራው ብርሃን አያሳልፍም። ማልኩ። ወሎ ውስጥ «ወላሂ» ለማለት ሃይማኖት የሚጠይቅህ የለም።

ቱቦዎቹን በአይሱዙ ጭነን ሐረጎን ስንወርድ እኔ ከላይ ነበርኩ። በየመታጠፊያው ነፋሱ በቱቦዎቹ አፍ እየገባ ያፏጫል፤ የመንገድ ዳር ሰው ሁሉ መለከት ነፊ የሚያልፍ መስሎት ቆሞ ያየን ነበር። ሐጂ እንዳሉትም ከሾፌሩ ጎን፣ ከፊት ተቀምጠዋል። ታች ሲደርሱ ግን ከበሩ ወርደው ግንድ ይዘው ትንሽ ቆሙ። ፈገግታዬ ብቻዋን ተናገረች።

ተክለን ጨረስን። ከእያንዳንዱ ጠረጴዛ በላይ ባለው አፍ ላይ በእጅ የሚከፈትና የሚጠብ መዝጊያ አለ። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱ ምን ያህል መከፈት እንዳለበት ነግሮኛል፤ ለማራገቢያው የቀረበው ጠበብ ይላል፣ የራቀው ወለል ይላል፤ አለዚያ የቅርቦቹ ሁሉንም ይወስዱታል። በኖራ ምልክት አደረግሁባቸው።

ሥራ አስኪያጁ፣ ኃላፊዎቹ፣ ሠራተኞቹ ተሰበሰቡ። እታለም ከጥጉ፣ ከጠረጴዛዋ ኋላ ቆማለች። ካውያዋን አልያዘችም። እጆቿን አጣምራ እኔን ብቻ ነው የምታየው።

ማራገቢያው ተነሳ። ጉም... ጉምምም... ላሜራው አንዴ ተንገጫገጨና ጸጥ አለ። የመጀመሪያዋ ሴት «ኡይ!» ብላ ጮኸች፤ ሁለተኛዋም። የሴቶቹ ሻሽ በተራ ይነሳል፤ እልልታው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዘላል። መካከል ላይ ሲደርስ ቀነሰ። ከዚያ ወዲያ ቀሰስ አለ። እታለም ጋ ስደርስ ዓይኔን ወደ ቱቦው አፍ አነሳሁ። ከአፉ ላይ ያሰርኳት የክር ዘለላ አንዴ ነቅነቅ አለችና ቆመች።

እታለም እጆቿን ፈታች፤ ሽርጧን ከኋላ መፍታት ጀመረች።

«ቆይ! እታለም፣ በእናታችን ቆይ!»

አረንጓዴ እኮ ነበር! ወደ ማራገቢያው እየሮጥኩ እያንዳንዱን መዝጊያ አየሁ። የመጀመሪያዋ ጠረጴዛ፣ ከኖራው ምልክት አልፎ ወለል። ሁለተኛዋ፣ ወለል። ሦስተኛዋም! በዱላ ተገፍተው እስከ መጨረሻው ተከፍተዋል።

«ማነው የከፈተው?»

«እኔ ነኝ» አለች የመጀመሪያዋ፣ ደልዳላ ሴት፣ ዱላውን ከጀርባዋ ሳትደብቅ። «ዓመት ሙሉ ተቀቅዬ፣ አሁን አየር መጣ ሲባል ታጠብብኛለህ?»

«ካልጠበበ መጨረሻው ጋ አይደርስም!»

«መጨረሻው ጋ ያለችው ማናት?» ወደ ሰው ሁሉ ዞረች። «እህቱ! ለእህቱ ሊያዳላ ነው! ሥራ አስኪያጅ፣ ይኼ ግምገማ ላይ ይያዝልኝ!»

ሥራ አስኪያጁ እውነትም እስክሪብቶ አወጣ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አድልዎ ሠርቼ አላውቅም፤ ነፋስ ሰርቄ ለቤተሰቤ ያከፋፈልኩ ሆንኩ!

«እሺ» አልኩ፣ «አንድ ነገር ፍቀዱልኝ። ምልክቱ ድረስ መልሺውና ቅዝቃዜው ካልበቃሽ ይኼን ሁሉ ላሜራ እበላዋለሁ። እዚሁ። ያለ ወጥ።»

ሐጂ ከኋላ «ይበላዋል፤ አውቀዋለሁ» አሉ።

ሴትዮዋ ተጠራጥራ በዱላዋ መዝጊያውን እስከ ኖራው መለሰችው። ጠበበ፤ ነፋሱ ከአናቷ አልጠፋም። ትንሽ ሳሳ ብሎ ሻሿን ማወዛወዙን ቀጠለ። ከስሩ ቆመች። «ይበቃኛል» አለች። ከዚያ ዱላዋን ይዛ ራሷ ሁለተኛዋ ጋ ሄዳ «አንቺም መልሺ፣ ስግብግብ!» አለቻት። ሦስተኛዋን ሳታስፈቅድ መለሰችው።

እኔ ወደ ጥጉ ሮጥኩ። ማራገቢያው ያው ማራገቢያ ነው፣ ድምፁ ግን ሲቀየር ሰማሁት፤ ቱቦው ከላያችን ረጅም ትንፋሽ ወሰደ። ክሯ ነቅነቅ አለች። ተነሳች። ቀጥ ብላ ቆመች! ከዚያ ነፋሱ ወረደ፤ እታለም ጠረጴዛ ላይ የተከመሩትን፣ ሸሚዝ አንገትጌ ውስጥ የሚገቡ ወረቀቶች አንስቶ በአዳራሹ በተናቸው፤ የሥራ አስኪያጁ የግምገማ ወረቀትም አብሯቸው በረረ። ሐጂ «ማሻአላህ!» እያሉ ያጨበጭባሉ። እኔ እየዘለልኩ ነበር፤ የዘለልኩት ጣሪያው ድረስ ነው፣ ቱቦውን በራሴ ነክቼዋለሁ፣ የማያምን ይተወው።

እታለም ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ወደ ላይ አንጋጣ ቆማለች። ሽርጧ በአንድ ወገን ተፈትቶ ይውለበለባል። ከዚያ ዓይኗን ገለጠችና ተቆጣች።

«ማሙሽ!»

«አቤት እታለም!»

«ብርዱ እኮ ነው! አየር አምጣልኝ አልኩህ እንጂ ደሴን አምጣልኝ አልኩህ?»

«ልቀንሰው?»

«እጅህን ሰብስብ! ማን ንካው አለህ?»

ሽርጧን መልሳ አጥብቃ አሰረች። አንዲቱን ወረቀት ከመሬት አንስታ አራግፋ ካውያ ማስቀመጫው ስር አስገባቻት፤ ሁለተኛ እንዳትበርባት። ከዚያ ከክምሩ ላይ አንድ ሸሚዝ ሳበች፣ እጅጌውን ዘርግታ በመዳፏ ደልድላ፣ ካውያውን አነሳች።

«ወረቀቶቹን ልቀሙልኝ» አለች ለሁላችንም፣ ቀና ሳትል። «ሥራ አለብኝ።»

ሥራ አስኪያጁም፣ ሐጂም፣ እኔም ጎንበስ ብለን መልቀም ጀመርን።